የፖም ረጅም ጉዞ፤ ከቲየን ሻን ተራሮች እስከ ጨንቻ ደጋ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ አበባም ሜዳውን ሲያለብሰው፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የእሸት ወራት ይገባል። ማሳ ዳር ተቀምጦ ከግንዱ ላይ የተቀጠፈ የባቄላ እሸት የበላ ሰው፣ ያው ባቄላ ደርቆና ተከክቶ ሲቀርብለት ጣዕሙ አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። በዚሁ ወቅት፣ ማለትም ከመስከረም አንስቶ እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ፣ የአውሮፓ፣ የመካከለኛው እስያና የሰሜን አሜሪካ ገበሬም በራሱ እሸት ላይ ነው። የእርሱ እሸት ፖም ነው። በመጸው ወራት በቀጥታ ከዛፉ የተቀጠፈ ፖም ሲገመጥ ቀጭ ይላል፤ ውሃው ከአፍ ሞልቶ ይፈሳል፤ ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱም ገና አልተለያዩም። ከአውሮፓ ተጭኖ የመጣ ፖም በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ፍራፍሬ ቤት ተወልውሎ ቢደረደር፣ ከተቀጠፈ ስድስት ወር ያህል አልፎታል ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሳይበሰብስ እንዴት ቆየ የሚለው ጥያቄ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በቀጥታ የሚመለከት በመሆኑ ወደ ኋላ ይመጣል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፖም የሚለው ስም ከፈረንጅ አፍ የተወሰደ ሲሆን፣ በጋሞ ደጋና በከተማው ገበያ ይበልጥ የሚሰማው አፕል የሚለው ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ደግሞ የሌሎች አገሮች ትርጉሞች ፖም በሚሉበት በመኃልየ መኃልይና በምሳሌ መጻሕፍት ውስጥ እንኮይ የሚለውን ቃል መርጠዋል። እንኮይ በቆላና በወይና ደጋ ዱር የሚበቅል የአገር ፍሬ በመሆኑ ከፖም ጋር ዝምድና የለውም። ይሁን እንጂ አንባቢው የማያውቀውን ፍሬ በሚያውቀው ፍሬ መተካታቸው፣ ፖም ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፖም አገር የት ነው?

የፖም መነሻ ለረጅም ዘመን አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ ምላሽ ካመጡት መካከል ቀዳሚው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ ለኢትዮጵያ ገበሬም ባዕድ ሰው አይደለም። በ1927 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በጊዜው አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ፈቃድ አግኝቶ፣ በቅሎ ጭኖ በደጋው ተዘዋውሯል። ከየገበሬው አውድማና ከየገበያው የስንዴ፣ የገብስና የሌሎችም ሰብሎች ዘር ሰበሰበ። በተለይ በስንዴው ዓይነት ብዛት እጅግ ተደንቆ፣ ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች ከመነጩባቸው ጥቂት ማዕከሎች እንደ አንዱ አድርጎ ለዓለም አስተዋወቀ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ይኸው ሰው ዛሬ ካዛኪስታን ወደምትባለው አገር ተጓዘ። የቲየን ሻን ተራሮችን አቋርጦ በዚያን ጊዜ አልማ አታ፣ ዛሬ አልማቲ ወደምትባለው ከተማ ሲደርስ፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለው የተራራ ግርጌ በዱር ፖም ተሸፍኖ አገኘው። አንዱ ዛፍ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ፣ ሌላው አረንጓዴ ያፈራል። አንዱ እንደ ለውዝ ያነሰ መራራ ሲሆን፣ ሌላው ከአትክልት ቦታ የመጣ የሚመስል ትልቅና ጣፋጭ ነው። በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ያየውን ብዛት በዚያ በፖም ላይ አየው። አንድ ሰብል በአንድ አካባቢ እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ መነሻው እዚያ ሳይሆን አይቀርም በሚለው አስተሳሰቡ መሠረትም፣ የፖም የትውልድ ስፍራ ይህ ነው ሲል ደመደመ። በ2010 ይፋ የሆነው የፖም የዘር ውርስ ጥናት፣ የገበያው ፖም ዋና አባት የቲየን ሻን የዱር ፖም መሆኑን አረጋግጧል። ከዚያ ተነስቶ በሐር ንግድ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከሌሎች የዱር ፖሞች ጋር ተዳቅሏል።

የቫቪሎቭ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በ1940 በስታሊን መንግሥት ታሰረ፤ በጥር 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረሃብና በሕመም ሞተ። የዓለም ሕዝብ እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነበር። የሰበሰበው ዘር ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ ሳይነካ የቆየ ሲሆን፣ ከጠባቂ ባልደረቦቹ መካከል በሩዝና በስንዴ ከረጢት ተከበው በረሃብ የሞቱ አሉ።

ዘሩ የማይታመን ዛፍ

ፖምን ከጤፍና ከስንዴ የሚለየው ትልቅ ነገር አለ። የጤፍ ዘር ሲዘራ ያው ጤፍ ይበቅላል። የፖም ዘር ቢዘራ ግን የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ከአንድ ጣፋጭ ፖም አምስት ዘር አውጥቶ የተከለ ሰው አምስት የተለያዩ ዛፎች ያገኛል፤ አብዛኞቹም ፍሬያቸው ትንሽና ኮምጣጣ ይሆናል። ስለሆነም የተወደደን ፖም ማባዛት የሚቻለው ከዛፉ ላይ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ሥር ላይ በመግጠምና በማሰር ብቻ ነው። ባለሙያዎች ግራፍቲንግ ይሉታል። ከሺህ ዓመታት በፊት የተገኘ ጥበብ ሲሆን፣ ዛሬ በጨንቻ ጓሮ ውስጥ ቢላዋና የፕላስቲክ ጥብጣብ ይዞ የተቀመጠው ገበሬ የሚሠራውም ያንኑ ነው።

በእንግሊዝ አገር ኬንት አውራጃ በ1913 የተቋቋመው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ ለዚህ ሥራ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። ከላይ የሚታሰረው ቅርንጫፍ የፍሬውን ዓይነት ሲወስን፣ ከታች ያለው ሥር የዛፉን ቁመትና የሚያፈራበትን ጊዜ እንደሚወስን ታውቆ፣ ሥሮቹ ተለይተው ቁጥር ተሰጣቸው። ኤም 9 እና ኤምኤም 106 የሚባሉት ከዚያ የወጡ ናቸው። በእነዚህ ሥሮች ላይ የተዳቀለ ዛፍ አጭር ስለሆነ ያለ መሰላል ወይም በትንሽ መሰላል ይለቀማል። በእንክብካቤ ከተያዘም በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል።

ከመልካም ዝርያ የተነሳ የመጣ ጥፋትም በታሪክ ተመዝግቧል። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ጄሲ ሃያት የተባለ ገበሬ በማሳው ላይ ያልተከለው የፖም ችግኝ በቅሎ አየ። ሁለት ጊዜ ቆረጠው፤ ሁለት ጊዜ መልሶ በቀለ። እንግዲህ ትኑር ብሎ ተወው። ፍሬው ጣፋጭ ሆነና በ1893 ስታርክ የተባለው የችግኝ ድርጅት ባዘጋጀው ውድድር አሸነፈ፤ ከጊዜ በኋላ ሬድ ዴሊሸስ፣ ማለትም ቀዩ ጣፋጭ፣ ተባለ። በ1916 ሳሙኤል ስቶክስ የተባለ አሜሪካዊ ችግኙን ወደ ሕንድ ሂማቻል ተራሮች ወስዶ ኮትጋርህ በተባለው ስፍራ ተከለ። የዚያ አካባቢ ደገኛ ገበሬም ዛሬ ድረስ ኑሮው በፖም ላይ የተመሠረተ ነው። በትውልድ አገሩ ግን ነገሩ ተበላሸ። ነጋዴው ቀላ ያለውን ስለሚመርጥ አምራቾች ከዓመት ዓመት ቅላቱ የበረታውን፣ ቆዳው የወፈረውን ቅርንጫፍ እየመረጡ አባዙ። ዓይን የሚማርክ፣ ሲገመጥ ግን ዱቄት ዱቄት የሚል ፖም ሆነ። ገዢ ሸሸ፤ በ1990ዎቹ የዋሽንግተን ግዛት አምራቾች ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው፤ በ2000 የአሜሪካ መንግሥት የድጎማ ገንዘብ እስከመፍቀድ ደረሰ። በ2018 ጋላ የተባለው ዝርያ የአሜሪካን ቀዳሚነት ከሬድ ዴሊሸስ እንደተረከበ ተነገረ። ጥፋቱ የአንድ ገበሬ አልነበረም፤ ሁሉም ገዢው የጠየቀውን ነበር ያቀረበው። ነገር ግን ገዢ የተባለው ጅምላ ነጋዴው እንጂ የሚበላው ሰው አልነበረም።

ፖምና ጤና

በቀን አንድ ፖም የበላ ሐኪም አያስፈልገውም የሚለው የእንግሊዞች አባባል ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞችም ይደጋገማል። በጽሑፍ የሚታወቀው ቀዳሚ መልኩ በ1866 ከዌልስ ፔምብሮክሸር የተገኘ ሲሆን፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ ፖም መብላት ሐኪሙን እንጀራ ያሳጣዋል የሚል መልእክት ነበረው። አባባሉ በአሜሪካ የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ከሚመረተው ፖም ብዙው ይበላ አልነበረም፤ ተጨምቆና ፈልቶ የሚያሰክር መጠጥ ይሆን ነበር። መጠጥን የሚቃወሙ ወገኖች ሲበረቱ የፖም አምራቹ ገበያ አደጋ ላይ ወደቀ። ፍሬውን የጤና ምግብ አድርጎ ማስተዋወቅ ለአምራቹ መዳኛ ሆነለት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ አባባሉ እውነት ነውን? በ2015 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 8,399 ጎልማሶች ተጠይቀው፣ ከእነርሱ 753ቱ በየቀኑ ፖም የሚበሉ ሆነው ተገኙ። የትምህርት ደረጃና ሌሎች የኑሮ ልዩነቶች ከተቆጠሩ በኋላ፣ ፖም በሊታዎቹ ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት መውሰዱ ላይ ግን በመጠኑ ያነሱ ሆነዋል። ፖም መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ እንግዲህ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። 180 ግራም ያህል የሚመዝን መካከለኛ ፖም ከክብደቱ 86 በመቶው ውሃ ነው፤ 95 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና ከ4 ግራም የሚበልጥ አሰር ወይም ፋይበር ይሰጣል። ከአሰሩ አንዱ ክፍል ፔክቲን የሚባለው ሲሆን፣ በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ የስኳርን መግባት ያዘገያል፤ ጎጂውን ኮሌስትሮልም በመጠኑ ይቀንሳል። ሆድ ድርቀት ለሚያስቸግረው ሰውም ይረዳል። ከአሰሩ ብዙው፣ ለሰውነት ጠቃሚ ከሆኑት ሌሎች ንጥረ ነገሮችም አብላጫው፣ ያለው በልጣጩና በልጣጩ ሥር ነው። ልጦ መብላት የተለመደ ቢሆንም በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥቦ ከነልጣጩ መብላት የተሻለ ነው። ጭማቂው አሰሩ ተወግዶ ስኳሩ የቀረ በመሆኑ የፍሬውን ያህል አይጠቅምም። ዘሩ ሲደቅቅ መርዝነት ያለው ነገር ስለሚያወጣ አያኝኩትም፤ ሳይታኘክ የተዋጠ ሁለት ሦስት ፍሬ ዘር ግን አያስፈራም። በቫይታሚን ሲ በኩል ፖም ድሃ ነው፤ አንዱ የሚይዘው 8 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ቫይታሚን ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ብርቱካን ወይም ዘይቱን ቢገዛ በብዙ እጥፍ ያተርፋል።

ከመጸው እስከ ፋሲካ

ፖም ተቀጥፎም ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ይበስላል፤ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ያበስላል። አንድ የተበላሸ ፖም ሣጥኑን ሙሉ ያበላሻል የሚባለው በከንቱ አይደለም። በዚሁ ጋዝ ምክንያት ከፖም ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጠ ካሮት ይመራል፤ ጥቅል ጎመንም ቢጫ ይሆናል። እንግሊዛውያኑ ፍራንክሊን ኪድና ሲሪል ዌስት ካምብሪጅ ላይ ባካሄዱት ምርምር፣ ቅዝቃዜ ላይ የኦክስጅን መቀነስ ከተጨመረበት ፍሬው እስትንፋሱን አዘግይቶ እንደሚያንቀላፋ ተረዱ። የመጀመሪያው ለንግድ የሚሆን መጋዘን በ1929 ኬንት ውስጥ ተሠራ። ያ ዓመት ቫቪሎቭ አልማ አታ የደረሰበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው።

እንዲህ ያለው መጋዘን ውድ በመሆኑ አንድ ሄክታርና ሁለት ሄክታር ያለው ገበሬ ብቻውን የሚሠራው አይደለም። በሰሜን ኢጣሊያ ትሬንቲኖ ውስጥ የምትገኘው የቫል ዲ ኖን ሸለቆ ይህን ታሳያለች። የሸለቆዋ ገበሬዎች ማሳቸው ትንንሽ ነው። ፖማቸው ስም ሲያወጣ ከሌላ ቦታ የመጣ ፖም በስማቸው መሸጥ ጀመረ። በ1989 የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ተባብረው ሜሊንዳ የተባለ ኅብረት አቋቁመው፣ በእያንዳንዱ ፖም ላይ ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ይለጥፉ ጀመር። ዛሬ 16 ማኅበራትና 4,000 ያህል ቤተሰብ በኅብረቱ ውስጥ አሉ። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ከምርቱ ከፊሉን ከምድር በታች፣ የድንጋይ ማውጫ በነበረ ዋሻ ውስጥ ያከማቻሉ፤ ዓለቱ ራሱ ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ የመብራት ወጪው ያነሰ ነው። በጥቅምት ሸለቆዋ ውስጥ የፖም በዓል ይከበራል፤ እንግዳው ከዛፉ ቀጥፎ ይቀምሳል። ዋሻ የገባው ግን ዋጋ እስኪደርስ ይጠብቃል። አባሉ በመከር ሰሞን ደላላው በቆረጠለት ዋጋ ከመሸጥ የዳነው በዚህ ነው።

ጨንቻ

ፖም ወደ ጋሞ ደጋ የገባው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ያመጡትም በጨንቻ የነበሩ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ናቸው። ጨንቻ በዛሬው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሕዝቡ እንሰት፣ ገብስና ድንች ያመርታል፤ በሽመናውም የታወቀ ነው። መሬቱ ግን ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። ዛፉ ለአሥርተ ዓመታት ከሚሲዮን ግቢ አጥር ብዙም ሳይርቅ ቆየ። ወደ ገበሬው ጓሮ በስፋት የወጣው ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ችግኙን ማባዛትና ማሠልጠን ከያዘ ወዲህ ነው።

አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ፖም የክረምት ብርድ የለመደ ዛፍ በመሆኑ በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ እምቡጡ አይነቃም። ብዙዎቹ የታወቁ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ብርድ ለ1,000 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። የጨንቻ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ ይህን አይሰጥም። መፍትሔው ከሞቃት አገሮች መጣ። በእስራኤል ኤን ሼመር በተባለው የጋራ እርሻ አባ ስታይን የተባለ አዳቃይ ያወጣው አና፣ እንዲሁም በባሃማስ ደሴት የተገኘው ዶርሴት ጎልደን፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ብርድ ያፈራሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ይተከላሉ፤ አና የሌላ ዛፍ ብናኝ ስለሚፈልግ ዶርሴት ጎልደን አጠገቡ ካለ፣ ንብም ከተገኘ፣ ፍሬው ይበዛል። ከዚህም ሌላ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ ዛፉን አታሎ እንደገና እንዲያብብ ያደርገዋል። በኢንዶኔዢያ ጃቫ ደሴት ባቱ በተባለው ደጋ ገበሬዎች በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ፤ በጋሞ ደጋም ይሠራበታል።

ፍሬው መንገድ ካገኘ በኋላ የጨንቻን ገበሬ በዋናነት የጠቀመው ግን ፍሬው አልነበረም፤ ችግኙ ነው። በዓመት ገደማ የሚደርስ የተዳቀለ ችግኝ በጥቂት ካሬ ሜትር ላይ በብዛት ይያዛል። ከሌሎች ደጋ አካባቢዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እየመጡ በጥሩ ዋጋ ገዙት። ቤት የተሠራበት፣ ልጅ የተማረበት፣ በሬ የተገዛበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከችግኙ የመጣ ነው። ነገር ግን ችግኝ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ከተከለ በኋላ ራሱ ቆርጦ ያዳቅላል፤ ነገ ገዢ አይሆንም። ችግኝ እየተሸጠ ፍሬው ችላ ሲባል፣ ዛፉም ለፍሬ ሳይሆን ለቅርንጫፍ ይገረዛል። ችግኙ ያለ ስም ሲሸጥ ደግሞ ገዢው አና ብሎ የወሰደው ምን እንደሆነ የሚያውቀው በሦስተኛው ዓመት ነው።

በአዲስ አበባ ፍራፍሬ ቤቶች የጨንቻ አፕል ሲባል ዛሬ ይታወቃል። ከውጭ ከሚገባው ጎን ሲቀመጥ መጠኑ ያንሳል፤ ሰም አልተቀባም፤ አንዳንዱም ጠባሳ አለው። አዲስ የተለቀመ ከሆነ ግን ለሚገምጠው ሰው ውሃውና ኮምጣጣነቱ ከእርሱ ጋር ናቸው። አና ለረጅም ማከማቻ የተፈጠረ ባለመሆኑ፣ በቅዝቃዜ እንኳ ከሁለት ወር እምብዛም አያልፍም። ሲለቀም በቅርጫት ሳይሆን ለስላሳ ነገር በተነጠፈበት ሣጥን ቢደረደር፣ ከጠዋቱ ብርድ ጋር ተጭኖ ቢወርድ፣ በዝርያ ተለይቶ ስሙ ቢጻፍበት፣ ከጨንቻ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የሚቀንሰው ጥራት ይተርፋል። በሣጥኑ ያልተወሰደው፣ የተጋጨውና ነጋዴ ያልፈለገው ፖም ቤት ይቀራል። ጠባሳው ተገርዞ፣ ታጥቦ፣ ከነልጣጩ ለልጆች ቢሰጥ አሰሩ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ካለው አንድ ግራም አያንስም።